አቼቶ፣ ሎሚና የልጄ ሽማግሌዎች

በዚያ ዘመን ሰልፍ ያየ ሰው መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደሚታደል የሚጠይቀው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። አስቀድሞ የጠየቀ፣ መልሱን ሲሰማ ሦስት ሰው ይቀድመዋል። ይህን ሕግ ጠንቅቄ የማውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁና፣ አንድ ቅዳሜ ከግማሽ ቀን ሥራ ስመለስ በቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ደጃፍ የተዘረጋውን ሰልፍ ባየሁ ጊዜ የቤተሰብ ካርዴን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆምሁ። ከፊቴ ያለውን ሰውዬ ምን እንደሚሰጥ ብጠይቀው ስኳር ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ጥቂት ቆይቶ ዞረና፣ ለመሆኑ በእርግጥ ስኳር ነው ወይ ሲል እኔን ጠየቀኝ። በእርግጥ ነው አልሁት። ማስረጃዬ እሱ ራሱ መሆኑን ሁለታችንም አላስተዋልንም።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከመስኮቱ ስደርስ አንድ ጆንያ ተገፍቶ ወደ እግሬ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ለጅቡቲ ሊጫን የነበረ አትክልት ባቡሩ ዘግይቶበት ሁለት ቀን ጣቢያ አደረ፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ የማንንም ቀጠሮ አታከብርምና፣ ሳይበላሽ ለሕዝብ ይታደል ተባለ። ድርሻው ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጆንያ ነው። አሥራ አንድ ነፍስ ያለበትም ቤት፣ እንደኛ ሦስት ነፍስ ያለበትም ቤት፣ አንድ ጆንያ። አልፈልግም ማለት እችል ነበር፤ ነገር ግን ተሰልፎ ያገኘውን የሚመልስ ሰው ከኋላው የቆሙትን ሁሉ እንደ መስደብ ነው። ስለዚህ ፈርሜ ተረከብሁና በጋሪ አስጭኜ ወደ ሰፈሬ ወደ ከዚራ አመራሁ።

ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ ጆንያውን ፈትታ ጥቅል ጎመኑን፣ አበባ ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ፎሶሊያውን፣ ቃሪያውንና ቀይ ሥሩን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ደረደረች። ከዚያም ቀና ብላ፣ ይህን ሁሉ ማን ሊበላው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስብ፣ ለሽማግሌዎቹ እናቀርበዋለን አልኋት።

ስለ ሽማግሌዎቹ ማስረዳት ይኖርብኛል። አንዲት ልጅ አለችን፤ ገነት ትባላለች። ያን ጊዜ በሐረር የመምህርነት ሥልጠና ላይ ነበረች፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ትመጣለች፤ ለመመረቅ ጥቂት ወራት ቀርቷታል። አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ፣ በምድር ባቡር ጋራዥ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን፣ ሽማግሌ ሊልክብን እንደሆነ ተነገረን። በልጁ ላይ የማነሣው ነቀፋ አልነበረኝም። ፍርሃቴ ሌላ ነበር፦ ያገባች ልጅ መጀመሪያ ትምህርቷን ታዘገያለች፣ ቀጥሎ ታቋርጣለች፣ ከዚያ በኋላ የምስክር ወረቀት ያለመኖሩን ለልጅ ልጆች ማስረዳት የአያት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብዬ በክብር ለአንድ ዓመት ላሰናብታቸው ወሰንሁ። የምሰጠውንም መልስ በወረቀት አርቅቄ፣ በንጹሕ ገልብጬ፣ ከደረት ኪሴ አኖርሁት። አስካለ ውሳኔዬን አልወደደችውም። ገነት ግን ምንም አላለችም፤ በቤታችን ልጅ ምንም አትልም፤ ሳሕን ስታጥብ ብቻ ድምፁ ይጨምራል።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በሦስተኛው እሑድ ነበር፤ ጊዜው የዐቢይ ጾም ነው። ለአንድ ዓመት የሚሰናበት ሽማግሌ ሽሮ ብቻ በልቶ እንዲሰናበት ኅሊናዬ አልፈቀደም። አትክልት ደግሞ በዚያ ሙቀት ሦስት ሳምንት የሚቆየው ከተዘፈዘፈ ብቻ ነው። እንግዲህ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ አንድ ፋይል ያልጠፋበት ሰው፣ አትክልት መዘፍዘፍ እንዴት ያቅተዋል ብዬ አሰብሁ። አሁን ሳስበው ጥያቄው መልስ ነበረው።

አማካሪ ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም። ከቤታችን ሁለት ደጅ አልፎ ጋሽ ተፈራ ይኖራል፤ ዕድሜውን በባቡሩ የምግብ ፉርጎ ውስጥ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬዳዋ እየተመላለሰ ለፈረንጅ ሲያስተናግድ የኖረ ጡረተኛ ነው። እሱ እንዳስረዳኝ አትክልት ያለ አቼቶ የሚታሰብ አይደለም። አቼቶው ከቁንዶ በርበሬና ከቅርንፉድ ጋር ይፈላል፤ ትኩሱ ይፈስስበታል፤ ክዳኑ እስኪጮህ ይጠብቃል፤ ከዚያም በጨለማ ይቀመጣል፤ እስከ ቀኑ ድረስ ሊታይ እንኳ አይገባውም።

ይህን በማስታወሻዬ ጽፌ ስመለስ በአጥሩ በኩል አዴ ፋጡማ ጠበቀችኝ። አዴ ፋጡማ ቀፊራ ገበያ ሎሚና ቃሪያ ትሸጣለች፤ ከጓሮዋ የሚለየን አንድ ግንብ ነው፤ በእሱም ላይ ወሬና ሳሕን ሲተላለፍ ይውላል። አንቱታ በድሬዳዋ ሙቀቱን ስለማይችለው ለሁሉም ሰው «አንተ» ትላለች፤ እኔን ደግሞ «አባ ፋይል» ትለኛለች። አቼቶ የሚለውን ቃል ስትሰማ ሳቀች። በእሷ አስተምህሮ አቻር፣ ማለትም የተዘፈዘፈ አትክልት፣ የሚሆነው በሎሚና በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ነው፤ አይፈላም፤ ክዳኑም አይጠብቅም፤ በስስ ጨርቅ ይሸፈንና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በየቀኑም፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ይናጣል።

ጨዉ ስንት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እስኪበቃው ነዋ።»

«እኮ፣ የሚበቃው ስንት ነው?»

«አቦ፣ እጅህ ያውቃል!»

እጄን አየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ማኅተም ሲያሳርፍ የኖረ እጅ ነው፤ ስለ ጨው የሚያውቀው ነገር እንዳለ አንድም ምልክት አላየሁበትም።

ሁለቱ ባለሙያዎች በአንዲት ነጥብ እንኳ አይስማሙም። አንዱ ጨለማ ሲል ሌላዋ ፀሐይ፣ አንዱ ይጠብቅ ሲል ሌላዋ ይላላ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ሲገጥም መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ለሁለቱም እኩል መስጠት። ከዘመድና ከጎረቤት ያሰባሰብኋቸውን አሥራ ሁለት የማርማላታ ጠርሙሶች ለሁለት ከፈልሁ፤ ስድስቱ በአቼቶ፣ ስድስቱ በሎሚ። በእያንዳንዱም ላይ ወረቀት ለጠፍሁ፦ አቼ/፩፣ አቼ/፪፣ ሎሚ/፩፣ ሎሚ/፪፤ ከሥሩ የተዘፈዘፈበት ቀን፣ ከሥሩ «ከቀኑ በፊት መክፈት ክልክል ነው» የሚል ማሳሰቢያ።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚያስመሰግን ነበር። ስሕተቴ ሁለቱን ባለሙያዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ማድ ቤት መጥራቴ ነው። እኔ ካሮት ስከትፍ (አንዱን ካሮት ከሌላው እኩል ለማድረግ በማስመሪያ እየለካሁ ነበርና ጊዜ ወሰደብኝ) ጋሽ ተፈራ የአዴ ፋጡማ ጠርሙሶች አሳዘኑት። ሳይታይ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጠብ አደረገባቸው፤ ነፍስ ማዳን ነው ብሎ። አዴ ፋጡማም እሱ ሽንት ቤት ሲሄድ ጠብቃ በአቼቶዎቹ ላይ ሎሚ ጨመቀች፤ እሷም ነፍስ ማዳን ነው አለች። ይህን ሁሉ ያየችው አስካለ ናት፤ ለእኔ የነገረችኝ ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ዕለት ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት፣ «አልጠየቅኸኝም» አለች።

የቀረውን ቀይ ሥሩ ፈጸመው። በሁለቱም ወገን እኩል ይሁን ብዬ በአሥራ ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ቀይ ሥር ጨምሬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎመኑም፣ ካሮቱም፣ አበባ ጎመኑም አንድ ዓይነት ቀይ ሆነው አደሩ።

የሎሚዎቹን ስድስት ጠርሙሶች በማድ ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጣኋቸው። ይህም የራሱ ጣጣ ነበረው። ድሬዳዋ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ትተኛለች፤ ሱቅ ይዘጋል፤ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ ውሻ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ ሲሄድ እየተሳቀቀ ነው። በዚያ ሰዓት መሰላል ተደግፎ፣ ባርኔጣ አድርጎ፣ ጣራ ላይ ጠርሙስ የሚንጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን አንድ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ከበታቼ ቆሞ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጣራ ላይ ሆኜ ስለ ጨው፣ ስለ ፀሐይና ስለ ሁለቱ የአስተሳሰብ መሥመሮች በዝርዝር አስረዳሁት። ባብራራሁ ቁጥር ይበልጥ እንደተጠራጠረ ከፊቱ አየሁ። ጠርሙሶቹ ለምን ቁጥር እንዳላቸው፣ «መክፈት ክልክል ነው» የሚለውንስ ማን እንዳዘዘ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ ያዘዝሁት አልሁት። በመጨረሻ ቀለሙን ተመልክቶ ጥቂት ረጋ አለ፤ ቀይ መሆኑ ጠቀመኝ መሰለኝ። ሆኖም ለምርመራ ብሎ አንዱን ወሰደ። ከሦስት ቀን በኋላ ጠርሙሱ ታጥቦ ባዶውን ተመለሰልኝ፤ ከቃል መልእክት ጋር፦ ጨው ይጎድለዋል።

እኔም ጨው ጨመርሁ። በየትኛው ላይ እንደጨመርሁ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ጋሽ ተፈራ፣ ጣራ ላይ ያሉት ቢገቡ ይሻላል ብሎ አስገባቸው፤ አዴ ፋጡማ ደግሞ ጓዳ ያሉት ፀሐይ ናፈቃቸው ብላ አወጣቻቸው። ወረቀቶቹንም ከፀሐዩ የተረፉትን ጨዋማው ውኃ አጠባቸው። የአሥራ አንዱ ጠርሙስ ጽሑፍ ወደ አሥራ አንድ ሰማያዊ እድፍ ተለወጠ። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ብዙ ተመለከትኋቸው። በሥራ ዘመኔ መለያ የሌለው ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን በገዛ ጓዳዬ አሥራ አንድ ወላጁ ያልታወቀ ጠርሙስ ተቀምጧል።

እሑዱ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ሐጂ ዩሱፍ ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ በከተማው ውስጥ ስንት ትዳር እንዳቆሙ እሳቸውም የማያውቁት ሰው። ሁለተኛው የልጁ አለቃ ነው፤ «አሜን» ከማለት በቀር አልተናገረም። ሦስተኛው፣ አንባቢ እንዳይስቅብኝ፣ ጋሽ ተፈራ ነበር። የባቡር ሰው ለባቡር ሰው ሽማግሌ ይሆናል ተብሎ ተመርጧል። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ቤቴን ከዚያ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ሰው፣ ከበሩ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ቢቀመጥ ውኃ እንኳ አይቀምስም። መብላቱ ልጅቷን ማግኘቱ ነው። የሴት ልጅ አባትም ይህን ስለሚያውቅ ምግቡን ከዓይን ይሰውራል። እኔ ግን ሁሉ ነገር በሰዓቱና በቦታው ይሁን ከማለት ብዛት ከማለዳው ጀምሮ ጠረጴዛውን አሰናድቼ፣ ከመካከሉ አንዱን ጠርሙስ አቁሜ ነበር። አዴ ፋጡማም አስካለን ልታግዝ መጥታ ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ ቆማለች።

ቁጭ በሉ ብዬ ለመንኋቸው፤ ብዙ ከተግደረደሩ በኋላ ተቀመጡ። ሐጂ ዩሱፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔም እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድሁ። በዚህ መካከል ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

«ይሄ የማን ነው? የእኔ ነው የሷ?» አለ።

አላውቅም አልሁት።

«እንዴት አታውቅም? ጽፈህበት የለም?»

ጽሑፉ እንደ ጠፋ ነገርሁት። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ከሽምግልናው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ሽታው ይነግረኛል አለ፤ እኔም ከፈትሁለት። ሽታው አልነገረውም። እንግዲህ ሹካውን ማን እንዳቀበለው ብጠየቅ መልሱን አውቀዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የማን ሥራ እንደሰመረ ለማወቅ የጓጓሁት እኔ ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ ለምን እንደተሰበሰብን ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር። ከእሱም ወጥቷል።

አንድ አበባ ጎመን ጎረሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ።

«አቼቶ» አለ።

«ወላሂ ሎሚ ነው!» አለች አዴ ፋጡማ፤ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «የባቡር ምላስህ ምን ያውቃል? ዕድሜ ልክህን የፈረንጅ ትራፊ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሽምግልና ላይ ነን» አለ ጋሽ ተፈራ፤ እየተናገረም ሁለተኛ ጎረሰ።

ክርክሩ ጦፈ። ገለልተኛ ዳኛ ይቅመሰው ተባለ፤ ዓይን ሁሉ ወደ ሐጂ ዩሱፍ ዞረ። እሳቸው ግን ጠርሙሱን ሳይሆን እኔን ነበር የሚመለከቱት። ትክ ብለው አዩኝ። ከጓዳ አስካለ ሦስት ጊዜ ሳለች፤ አቼቶው አፍኗት ነው ብዬ ገመትሁ።

«ሐጂ፣ ይቅመሱልኝ እንጂ» አልሁ በገዛ አፌ፤ «በእኔ ሞት።»

ሐጂ ዩሱፍ ቢስሚላሂ አሉና አንዲት ቀጭን ካሮት አነሡ። ቀስ ብለው አኘኩ፤ ዋጡ፤ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የልጁ አለቃም አንድ ፎሶሊያ አነሣ። ከዚያም ሐጂ ተነሥተው ቆሙ፤ ሁለቱም ተከትለው ቆሙ።

«ብዙ ቤት ሄጄአለሁ» አሉ። «አንዳንዱ ሦስቴ ይመልሰናል፤ አንዳንዱ ውሻ ይለቅብናል። ጉዳያችንን ሳንናገር አብልቶ የሰጠን አባት ግን ዛሬ አየሁ። ከፋሲካ በኋላ ይሁን።»

«አሜን» አለ የልጁ አለቃ።

እልልታ ከጓዳው ወጣ። የአስካለ ድምፅ ነው፤ ለድንገተኛ ደስታ ትንሽ የፈጠነ መሰለኝ። እኔ ወረቀቴን አውጥቼ፣ ለአንድ ዓመት የሚለውን ሐረግ ፈልጌ ለማንበብ ሞከርሁ፤ የሚሰማኝ አልነበረም። ጋሽ ተፈራ ምን እንዳደረገ ገና ያን ጊዜ ገብቶት አፉን ይዞ ቆሟል። ሐጂ ብቻ ወደ እኔ መጡና ወረቀቱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ፣ ስለ ፍርሃቴ ነገርኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝ።

«እሷን ጠይቀሃታል?» አሉኝ።

አልጠየቅኋትም ነበር። ገነት ተጠራች። ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«እጨርሳለሁ፣ አባዬ። እሱም እስክጨርስ ከትምህርቴ አንድም ቀን አትቀሪም ብሎኛል፤ ራሱ ነው የሚያመላልሰኝ። ከጥምቀት ጀምሮ ልነግርህ ስል፣ ጉዳይ ካለሽ ጽፈሽ አቅርቢ አልከኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽም?»

«ጽፌአለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ጋሽ ተፈራና አዴ ፋጡማ በጓሮው ግንብ ላይ ክርክራቸውን ሲቀጥሉ (እስከ ዛሬም አላቆሙም)፣ የቤት ሰነዶቼን የማኖርበትን ሣጥን ከፈትሁ። የውኃ ደረሰኝ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የገነት የትምህርት ቤት ውጤት፣ ሁሉም በየዘርፉ ነው። በ«ልዩ ልዩ» ፋይል ውስጥ አገኘሁት። በእጅ ጽሕፈቷ የተጻፈ አንድ ገጽ፤ በሥርዓቱ ተበስቶ፣ በቀን ቅደም ተከተል ታስሮ፣ በራስጌው ላይ በእኔው እጅ «ደርሷል» ተብሎበት። አንድ ፋይል ያልጠፋበት ሰው ነኝ ብያለሁ፤ አልጠፋም። ያልተነበበ ብቻ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብሁት። በጉባኤው ፊት ከተናገረችው የበለጠ ብዙ ነገር ነበረበት፤ እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ከዚያም ብዕሬን አንሥቼ በኅዳጉ ላይ «ተፈቅዷል» ብዬ ፈረምሁ። ቀኑን ግን የዚያን እሑድ አላደረግሁትም፤ እሷ የጻፈችበትን የጥምቀት ማግስት አደረግሁት። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ በሐሰት ቀን የፈረምሁበት ሰነድ ያ አንድ ብቻ ነው።